የሚጮኸው የዋንዛ ደረጃ እንዴት ጸጥ አለ

ደብረ ማርቆስ ያለው የወላጆቼ ቤት የዋንዛ ደረጃ በክረምት ተሠርቶ በጋው ሲገባ ይጮህ ጀመር። እናቴ ሌሊት ስትወርድ ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል። ምስማር ቢጨመርበትም ጩኸቱ ጥቂት ቀንሶ ተመለሰ።

መንስኤውን ያገኘሁት ሌላ ሰው ሲረግጥ ከሥር ሆኜ በባትሪ በማየት ነው። በመርገጫው ሳንቃና ከሥሩ በቆመው ጣውላ መካከል የወረቀት ውፍረት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ሲረገጥ ይዘጋል፣ እግር ሲነሣ ይከፈታል፣ ምስማሩም በቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። የጎጃምን ክረምት እርጥበት የጠጣ ጣውላ በጥርና በየካቲት ፀሐይ መጥበቡ አይቀርም፤ ይህን ደግሞ ምስማር አይመልሰውም።

እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ከደረቀ ወይራ ቀጫጭን ሽብልቅ ጠርቤ፣ ኮላ ቀብቼ ክፍተቱ ውስጥ በቀስታ አስገባሁ። እዚህ ላይ መቸኮል ክፉ ነው፤ ሽብልቅ በኃይል ከተመታ ሳንቃውን አንሥቶ ሌላ ክፍተት ይፈጥራል። ድምፁ ሲጠፋ ማቆም ነው። ከሥር በማዕዘኑ ላይ ደጋፊ እንጨት በኮላና በብሎን አሰርሁ፤ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል።

የቀረው ቀላል ነበር፦ በ120፣ ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ማለስለስ፣ አቧራውን መጥረግ፣ ቫርኒሹን አሳስቶ ሦስት ጊዜ መቀባት። የሳንቃውን የታች ፊትም ቀባሁት፤ ብዙዎች ይተዉታል፣ እርጥበት ግን በዚያም በኩል ይገባል። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ አንድ ደረጃ እየዘለላችሁ ቀቡ፤ እስኪደርቅ መውጫ መውረጃ አይጠፋም።