ልጅ ከተወለደ በኋላ፦ አዲስ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ልጃችን ደብረ ብርሃን ውስጥ የተወለደችው በኅዳር ወር፣ ሌሊት የጣለው ውርጭ ጠዋት ሣሩን አንጥቶ በሚታይበት ሰሞን ነበር። ከዚያ በፊት እኔና ባለቤቴ ስለ ወላጅነት ብዙ ተነጋግረን፣ ማን ብለን እንደምንጠራት፣ ስታጠፋ እንዴት እንደምንገሥጻትና የት እንደምናስተምራት ሳይቀር ወስነን ነበር። ዛሬ ሁለት ልጆች እያሳደግን መለስ ብዬ ሳስበው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያከበደብን በልባችን ስለን የያዝነውን ሥዕል አንለቅም ማለታችን ነው። እኛ የሠራናቸውንና በወዳጆቻችን ቤት ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች የምጽፈው ሌላው ወላጅ ቀድሞ እንዲያውቃቸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፍቅርን በመጀመሪያው ቀን ስሜት መለካት ነው። ልጅ የወለደ ሰው «ዓይኔን በዓይኔ አየሁ» ሲል እየሰማን ስላደግን፣ ሕፃኑን በታቀፍንበት ቅጽበት ልባችን በደስታ እንዲሞላ እንጠብቃለን። ለአንዳንዱ ሰው እንዲሁ ይሆንለታል፤ እኔ ግን ልጄን ስታቀፍ የተሰማኝ አንገቷን እጎዳለሁ የሚል ፍርሃት ብቻ ስለነበር፣ ለብዙ ቀናት አባትነት የጎደለኝ መስሎኝ አፍሬያለሁ። ሕፃናት ሰው አይተው ፈገግ ማለት የሚጀምሩት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወላጅ ሳይመለስለት ይሰጣል። የእኔ ፍቅር የመጣው ሽንት ጨርቅ በመለወጥና ገላዋን በማጠብ፣ ቀስ በቀስ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ክርስትናን የድካሙ ማብቂያ አድርጎ መቁጠር ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ብዙ ባልና ሚስት «ክርስትናው ይለፍ እንጂ» እያሉ ሥራውንም፣ እንቅልፉንም፣ የቤቱንም ሥርዓት ለዚያ ቀን ይቀጥራሉ። ነገር ግን የሕፃን ለቅሶ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ የወንድ ልጅ ክርስትና የሚውለው ለቅሶው ጫፍ በደረሰበት ሰሞን ነው። ሁለተኛው ልጃችን ክርስትና በተነሣበት ምሽት እንግዶቹ መርቀውን ሲወጡ፣ ድግሱ የቆየበት ድንኳን ገና ሳይፈርስ፣ ልጁ ማልቀስ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አላቆመም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ቢተኛም፣ በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ ለመጥባት ስለሚነሣ እንቅልፉ ለእናቱ እንቅልፍ አይሆናትም። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው የተሳሳተ ስሌት አያት እስከ ክርስትናው አብራ ትቆያለች የሚለው ነው። አማቴ ከመሐል ሜዳ መጥተው ሲያርሱልን ቆዩና ገና በ4ኛው ሳምንት ገብሱ ደርሶ ሄዱ፤ መንዝ ውስጥ አዝመራ ጠባቂ የለውም። አራስን የሚረዳ ሰው ከገጠር የሚመጣላቸው ቤተሰቦች፣ እሱ ሲመለስ ማን እንደሚተካው ከወሊዱ በፊት ቢነጋገሩ መልካም ነው።

አባትነትን ወጪ መሸፈን ብቻ አድርጎ ማየት የእኔ ትልቁ ጥፋት ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሲፈቅድ፣ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። የቀኑ ማነስ የአባትም ድርሻ ያን ያህል ጥቂት እንደሆነ እንዲሰማን ያደርጋል። እኔም በ4ኛው ቀን ሥራ ገባሁና፣ ማታ አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክሜ ስመለስ ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። ብርዱ አስፈርቶኝ ምድጃውን አቀጣጥዬ አራሷ የተኛችበት ክፍል አስገባሁና በሩን ዘጋሁት። አማቴ ራሳቸውን ይዘው ተነሡ፤ ምድጃውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ደጅ አወጡና «ልጄ፣ ከሰል ያፍናል» አሉኝ። ከዚያም ሕፃኗን ከእናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝተው፣ ከመንዝ ያመጡትን ባና ከላይ ደረቡላቸው። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በደጋው አገር አራስ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን እንዲያውቅ እለምናለሁ።

ከዚያች ሌሊት በፊት የአያቶችን ምክር ሁሉ ኋላ ቀር ብዬ ለመግፋት ቆርጬ ነበር፤ ይህም ሁሉን እንዳለ ከመቀበል የማይሻል ስህተት ነው። ባናው፣ አጥሚቱ፣ ገንፎውና የማዘል ልማዱ ወላጅን ያሳርፋሉ፤ ልጅንም አይጎዱም። እንገሩን አልቦ መድፋትና ለሕፃን ቅቤ ማላስ ግን መቅረት አለባቸው፤ ያ ቢጫ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ ይከላከልለታልና፤ እስከ 6 ወርም ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። እኛ አማቴን ስለ ቅቤው ያሳመንናቸው ስለ ባናው ካመሰገንናቸው በኋላ ነው።

ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጤነኛ ልጅ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በየትኛውም ወር ሊራመድ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእናትን ኀዘን እንደ ምስጋና ቢስነት መቁጠር ነው። ባለቤቴ በ5ኛው ቀን ያለ ምክንያት ስታለቅስ «ጤነኛ ልጅ ሰጥቶሽ ተመስገን በይ እንጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ያለው ለቅሶ በብዙ እናቶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሣት፣ ልጇን ማየት ካስጠላት ወይም ሞትን ካሰበች ግን ሕክምና ያለው ሕመም ስለሆነ፣ ቀን ሳይቆጠር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የባለቤቴ ለቅሶ አላቆመም ነበር። ልጃችንን በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ስንወስድ፣ ነርሷ ሕፃኗን መዝና ለእኔ ካቀበለችኝ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞራ «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ?» አለቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችን የገባ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የጠየቅነው ስለ ሕፃኗ ብቻ ነበር። ክትባቱ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስለሚቀጥል አባቶች አብረው ይሂዱ፤ ነርሷ ካልጠየቀች ደግሞ እነሱ ያንሡላት።