ለሚሊንግ ማሽን የአየር ድሮው ባር አሠራር

ድሮው ባር መቁረጫውን የሚይዘውን ኮሌት ወደ ስፒንድሉ (የሚሽከረከረው የማሽኑ ዘንግ) ስቦ የሚያጠብቅ ረጅም ብሎን ነው፤ እዚህ በእጅ መፍቻ ፋንታ በአየር የሚሠራ ኢምፓክት (እየመታ የሚፈታና የሚያጠብቅ መሣሪያ) ያዞረዋል። የኮምቦልቻ ጋራዦች ጎማ የሚፈቱበት ባለ 1/2 ኢንች ኢምፓክት ለዚህ ሥራ ጉልበቱ ይበዛል፤ ባለ 3/8 ኢንቹ ይበቃል። የድሮው ባሩን ራስ ለክታችሁ (ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ነው) ልኩን ቡሶላ (ራሱ ላይ የሚገባውን መፍቻ) ኢምፓክቱ ላይ ግጠሙ። ኢምፓክቱ በሁለት ዘንጎች ላይ በሚንሸራተት ወፍራም ላሜራ ይታሰር፤ ወደ ታች የአየር ሲሊንደር ይገፋዋል፣ ወደ ላይ ሞላ ይመልሰዋል።

ዋናው ጣጣ ሞላው ነው። ከደከመ ቡሶላው ሳይላቀቅ ስፒንድሉ መዞር ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ኢምፓክቱ ተገንጥሎ ሰው ይጎዳል። ሲመለስ በቡሶላውና በድሮው ባሩ ራስ መካከል ቢያንስ 10 ሚሊ ክፍተት ይኑር፤ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ሞተሩ እንዳይነሳ ሊሚት ስዊች (ኢምፓክቱ ቦታው መድረሱን በመነካት የሚያውቅ ማብሪያ) ይግባ። ይህን በፍጹም አትዝለሉ።

ስትሠሩበት መጀመሪያ የስፒንድሉን ፍሬን ያዙ። የአየር ግፊቱን ስታጠብቁ በ4 ባር ጀምሩ፣ ስትፈቱ 6 ባር አድርጉ፤ ኮሌቱ በጠበቀበት ግፊት ሲፈቱት አንዳንዴ እምቢ ይላል። ስትፈቱ ሲሊንደሩ መጫኑን አያቁም፤ ኮሌቱን ከመቀመጫው የሚያስለቅቀው እሱ ነው።

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ታንኩን ለመሙላት ይዘገያል።