ሕግና ቴክኖሎጂን በሁለተኛ ዲግሪ ለማጥናት እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ዩኒቨርሲቲ ማማረጥ ከመጀመርዎ በፊት የሚያጠኑትን ጉዳይ ይለዩ። የትምህርቱ ስያሜ አንድ ቢሆንም በውስጡ የግል መረጃ ጥበቃ፣ የሳይበር ወንጀል፣ የአእምሯዊ ንብረት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቁጥጥርና ሌሎችም ዘርፎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የሳይበር ወንጀልን የመረጠ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ለፊርማ ከቀረበው የቡዳፔስት ስምምነት ሊነሣ ይችላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የመረጠ ደግሞ በ2024 የወጣውን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሳያነብ ሩቅ አይሄድም።

ቀጥሎ የመግቢያ መስፈርቱን ይመርምሩ። አንዳንዱ ፕሮግራም የሚቀበለው በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ከኮምፒውተር ሳይንስም ሆነ ከማኅበራዊ ሳይንስ ለሚመጡ ክፍት ነው። የጊዜውንም ነገር አስቀድመው ያስሉ። በኔዘርላንድስ የአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት 60 የአውሮፓ ክሬዲት (የትምህርት ጫና መለኪያ) ሲሆን አንዱ ክሬዲት 28 ሰዓት ስለሚታሰብ፣ ድምሩ 1,680 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በሳምንት 40 ሰዓት እየተጠና 42 ሳምንት ማለት ነው። ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር ጎን ለጎን አስኬደዋለሁ የሚል ሰው ይህን ስሌት ደግሞ ደጋግሞ ቢያየው ይሻላል።

የማመልከቻ ሰነዶቹ የታወቁ ናቸው፤ የትምህርት ማስረጃ፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና የፍላጎት መግለጫ። በመግለጫው ላይ ለቴክኖሎጂ ያለዎትን ፍቅር ከመዘርዘር ይልቅ ሊመረምሩት ያሰቡትን የሕግ ችግር በአንድ አንቀጽ ያስረዱ።

ትልቁ ዝግጅት ግን ንባቡ ነው። ኮድ መጻፍ ግዴታ ባይሆንም፣ ሕጉ የሚነካው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግን የግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በጉግል ስፔን ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ለመለማመጃ ይውሰዱ። አንድ ስፔናዊ ስሙ በተፈለገ ቁጥር፣ ለማኅበራዊ ዋስትና ዕዳው ሲባል ንብረቱ ለጨረታ መቅረቡን የሚገልጹ እ.ኤ.አ. የ1998 የጋዜጣ ማስታወቂያዎች እየወጡ በመቸገሩ ያቀረበው አቤቱታ ነበር። ከክርክሩ ዋና ነጥቦች አንዱ ይህ ነበር፤ ሌሎች ያተሙትን ገጽ በራስ ሰር እየሰበሰበ፣ እየመዘገበና እየደረደረ የሚያቀርብ የፍለጋ ሞተር የግል መረጃ «ተቆጣጣሪ»፣ ማለትም መረጃው ለምንና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስን አካል፣ ሊባል ይችላል ወይ? ከፍርዱ በፊት ለዳኞቹ ገለልተኛ የሕግ አስተያየት የሚያቀርቡት የፍርድ ቤቱ ጠቅላይ አማካሪ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በሰጡት አስተያየት በመርሕ ደረጃ አይባልም ሲሉ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ይባላል አለ። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ፤ የፍለጋ ሞተርን አሠራር የገለጹባቸውን አንቀጾች ያስምሩ፤ ከዚያም ልዩነታቸው ከየት እንደሚጀምር በራስዎ አገላለጽ ይጻፉ። እንደ እኔ ግምት፣ እንዲህ ያለ አንድ ልምምድ ብዙ የመግቢያ መጽሐፍ ከማገላበጥ የበለጠ ይጠቅማል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስንም ከመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ያጥብቡ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሰብአዊ መብት» ለአንድ ጽሑፍ እጅግ ሰፊ ነው። በአንጻሩ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 22 በራስ ሰር ስለሚሰጥ ውሳኔ የሚለውን ይዞ፣ ባንክ ብድር ሲከለክል በዋናነት የተመረኮዘው በሌላ ድርጅት በተሰላ የብድር ብቃት ነጥብ ላይ ከሆነ ነጥቡ ራሱ «ውሳኔ» ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሊሆን እንደሚችል ስለ ወሰነ፣ ለተመራማሪው የሚቀረው ነጥቡን ያየ ሠራተኛ ምን ያህል በራሱ ቢያመዛዝን ውሳኔው የሰው ይባላል የሚለው ነው።