ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ መኪና የሌለበት የኮረኮንች መንገድ ለሳይክል እንዴት ይመረጣል

ፈረንሳይ ገጠር ሄጄ ሳይክል ልንዳ የሚል ሰው ሁሉ "የቱ ሩት አሪፍ ነው?" ብሎ ይጀምራል፣ እኔ ደሞ ሁሌ የምመልሰው መንገዱ ድሮ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ ብዬ ነው። መኪና የማይገባባቸው የፈረንሳይ ኮረኮንቾች አብዛኞቹ ለሳይክል ተብለው የተሠሩ አይደሉም፣ ወይ ፈረስ ጀልባ ይጎትትበት የነበረ የካናል ዳር ነው፣ ወይ ሐዲዱ የተነቀለ የባቡር መስመር ነው፣ ወይ ደሞ ግንድና ትራክተር የሚመላለስበት የጫካና የእርሻ መንገድ ነው። ይቺን ካወቃችሁ ዳገቱን፣ ጥላውን፣ ጭቃውን ሳይቀር ቤት ቁጭ ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ስሞቹ እንዳያምታቷችሁ። ቬሎሩት ማለት ታፔላ የተተከለለት የሳይክል ጉዞ መስመር ነው እንጂ መኪና የለበትም ማለት አይደለም፣ ግማሹ መኪና የሚያልፍበት የገጠር አስፋልት ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት ቯ ቬርት ነው፣ "አረንጓዴ መንገድ" እንደማለት፣ ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የትራፊክ ሕጋቸው ውስጥ የገባ፣ ሞተር ያለው ነገር የማይነዳበት መንገድ ነው፣ ምልክቱም እግረኛና ሳይክል የተሳለበት ሰማያዊ ካሬ ታፔላ ነው። እዚም ላይ ግን ወጥመድ አለ፣ ቯ ቬርት ሁሉ ኮረኮንች አይደለም። የመጀመሪያዋ በ1997 ቡርጎኝ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የተከፈተችው ለምሳሌ ልስልስ ያለች አስፋልት ነች፣ ቆንጆ ነች ግን ኮረኮንች ፈልጎ ለመጣ ሰው ትሰለቻለች። ስለዚህ ፍራንስ ቬሎ ቱሪዝም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ወይ ኤኤፍ3ቪ የሚባለው ማኅበር ካርታ ላይ መስመሩን ስታዩ ርዝመቱን ትታችሁ መጀመሪያ የመንገዱን ገጽ እዩ። "ስታቢሊዜ" ከተባለ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ነው፣ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ወደ ካናሎቹ እንምጣ። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ስለነበረ መንገዱ የግድ ሜዳ መሆን ነበረበት፣ ከፍ የሚለው ኤክሉዝ ጋ ብቻ ነው፣ ማለትም ጀልባ በውሃ ደረጃ የሚወጣበት በር ጋ፣ እሷም አጭር ጉብታ ነች። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ካናል ዱ ሚዲን ነው፣ ከቱሉዝ እስከ ቶ ሐይቅ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል ሰውዬ በ1666 ያስጀመረው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ፎቶውን አይቶ ይሄዳል ከዛ ያማርራል። ከቱሉዝ ተነስታችሁ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፣ ናውሩዝን አልፋችሁ ኦድ የሚባለው አውራጃ ስትገቡ ነው ኮረኮንቹ የሚጀምረው፣ ከዛ ወዲያ ደሞ ቦታ ቦታ ላይ መንገዱ ጎማ በምታህል ቀጭን የእግር መንገድ ትተካና የፕላታን ዛፎቹ ሥር እንደ ጅማት መሬቱን ገትሮ ይወጣል፣ በአንድ በኩል ውሃ በሌላ በኩል ቁጥቋጦ፣ መሪውን አጥብቆ የያዘ ሰው እጁ ይደነዝዛል። ጥላውም ድሮ እንደነበረው አይደለም፣ ከ2006 ጀምሮ በታየ የፈንገስ በሽታ ምክንያት በጣም ብዙ ዛፍ ስለተቆረጠ ሐምሌ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው። ግን ደስ ይላል፣ ለመንዳት ከመረጣችሁት ከቱሉዝ ወደ ባሕሩ ንዱ፣ ሴርስ የሚባለው የአካባቢው ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋችኋል፣ በተቃራኒው የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ከንፋስ ጋ ሲታገል ይውላል።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ብሬታኝ ውስጥ ያለውን የናንት ብሬስት ካናል ነው። 364 ኪሎ ሜትር ነው፣ ናፖሊዮን የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ስለዘጉበት በየብስ ውስጥ ለውስጥ እቃ ላሳልፍ ብሎ በ1811 ያስጀመረው፣ ዛሬ ዳሩ ሰፊ የተጠቀጠቀ ጠጠር ሆኖ ቀርቷል። ሁሉንም መንዳት አይጠበቅባችሁም፣ ከረዶን ተነስታችሁ በዦስላን በኩል (ግንቡ ውሃው ላይ ተጎንብሶ ነው የምታገኙት) እስከ ፖንቲቪ ያለው ብቻ ለሁለት ሦስት ቀን በቂ ነው። ከፖንቲቪ በኋላ ጌርሌዳን ጋ ግድብ ካናሉን ስለቆረጠው ሐይቁን መዞር አለ፣ እዛ ዳገት ጠብቁ።

የባቡር መስመሮቹ ሌላ ጠባይ አላቸው። ባቡር ቁመት ያለው ዳገት ስለማይችል ብዙ ጊዜ ከ3 ፐርሰንት አይበልጥም፣ ግን ማለቂያ የላትም፣ 15 ኪሎ ሜትር ሳይታወቃችሁ ትወጣላችሁ፣ ዛሬ ምን ነካኝ እግሬ እምቢ አለ ትላላችሁ፣ እግራችሁ ደህና ነው ዳገቱ ነው። ከሁሉም የምወደው ፓሳ ፓይስ ነው፣ ደቡብ ውስጥ ኦ ላንግዶክ ተራሮች ሥር ከማዛሜ እስከ ቤዳሪዩ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥሩነቱ ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚሠራ ባቡር ጣቢያ አለ፣ ከቱሉዝ በክልል ባቡር ማዛሜ ትወርዳላችሁ፣ ቀስ እያለች ኩርኒዩ አካባቢ ያለው ዋሻ ድረስ ትወጣለች፣ ከዛ ወዲህ ወደ ቤዳሪዩ ቁልቁለቱ ይበዛል። ዋሻው ከ700 ሜትር በላይ ነው፣ በበጋም ውስጡ ይበርዳል፣ መብራት ያዙ፣ የስልክ መብራት አይበቃም። ወደ ፓሪስ ለሚቀርብ ሰው ደሞ ፐርሽ ውስጥ ከኮንዴ ሱር ዊን እስከ አላንሶን 67 ኪሎ ሜትር የሆነው አለ፣ ፓሪስን ከሞን ሳን ሚሼል የሚያገናኘው የቬሎሴኒ አካል ነው፣ እሱም በሁለቱ ጫፍ ባቡር አለው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ጫካና እርሻ፣ ለለመደ ሰው ነው። ታፔላ የለም፣ ራሳችሁ ነው የምታወጡት። የኢ.ጄ.ኤን. (የፈረንሳይ መንግሥት የካርታ ተቋም) 1፡25,000 ካርታ ላይ በቀጭን ሁለት መስመር የተሳሉትን ፈልጉ። ሸማን ሩራል ከሆነ የኮሚዩኑ (የመንደሩ አስተዳደር) ነው ሕዝብ ይሄድበታል፣ ሸማን ዴክስፕሏታስዮን ከሆነ ግን የባለ እርሻዎቹ የግል ነው ሊዘጋ ይችላል። ነጭና ቀይ ቀለም የተቀባው ጌ.ኤር. የእግር መንገድ በአጠቃላይ ሳይክል አይከለከልም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ካልከለከለ፣ ነገር ግን የብሬታኝ ባሕር ዳር የሚዞረው ጌ.ኤር. 34 ለእግረኛ ብቻ ስለሆነ እዛ ጎማ አታስገቡ። ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ደሞ አደን አለ፣ "ሻስ ኦን ኩር" (አደን ላይ ነን እንደማለት) የሚል ታፔላ ካያችሁ አትከራከሩ ተመለሱ፣ ከርቀት የሚታይ ብርቱካናማ ልብስም ልበሱ።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል፣ ለካናልና ለባቡር መስመር 35 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ለጫካ 40 እና ከዛ በላይ፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስ አድርጉ በቃ። ከጎማ በላይ የሚያናድደው ካስቲን ነው፣ የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ። ደረቅ ሲሆን እንደሱ የሚመች የለም፣ ዝናብ ሲመታው ግን ነጭ ሊጥ ይሆናል፣ ጎማው እያነሳ ካቴናው ላይ ይለጥፈዋል፣ ሲደርቅ ደሞ እንደ ጀሶ ይጠነክራል። አንዴ ዝናብ ውስጥ ነድቼ ማታ ደክሞኝ ሳላጥብ ተኛሁ፣ ጠዋት ማርሹ አልንቀሳቀስ አለ፣ በጥርስ ብሩሽ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስለዚህ ማታውኑ በጠርሙስ ውሃ አፍስሱበትና ዘይት ቀቡ። የውስጥ ጎማ ሁለት፣ ፖምፓ አንድ፣ ካናል ዳር ሱቅ የለም።

ባቡር ላይ፣ ቴ.ኤ.ኤር. የሚባለው የክልል ባቡር ሳይክል በአብዛኛው በነፃ ይጭናል፣ አንዳንድ ክልል በበጋ ሪዘርቭ ያስደርጋል። ቴ.ጄ.ቬ. የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ለሳይክል ቦታ ያለው ባቡር መርጣችሁ ቀድማችሁ መቁረጥ አለባችሁ፣ ወይ ፈታታችሁ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦርሳ ማስገባት። ጆሮ ላይ ኢርፎን አድርጎ መንዳት ክልክል ነው፣ ቅጣቱ 135 ዩሮ፣ ከከተማ ውጪ ማታ የምትነዱ ከሆነ ደሞ አንጸባራቂ ሰደሪያ ግዴታ ነው። ቯ ቬርቱ አስፋልት በሚያቋርጥበት ብዙ ቦታ ላይ ደሞ እንጨት ማገጃ አለ፣ ጎንና ጎን ትልቅ ቦርሳ የጫነ ሰው ወርዶ ሳይክሉን አጋድሞ ነው የሚያልፈው፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ ከምትወርዱና ከምትወጡ ቦርሳ ብትቀንሱ ይሻላል።

ውሃ ካለቀባችሁ መንደሩ ውስጥ መቃብር ቦታውን ፈልጉ፣ አበባ ለማጠጣት ብለው ቧንቧ ያስገባሉ፣ "ኦ ኖን ፖታብል" (የማይጠጣ ውሃ) የሚል ካልተጻፈበት ትቀዳላችሁ። ምሳ ግን ከመቃብር አይገኝምና ዳቦ ቤት ከቀኑ ስድስት ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) በፊት ድረሱ፣ በተለይ ሰኞ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ እሁድ ጠዋት ለሁለት ቀን የሚሆን ግዙ።