ማይክሮቲዩቡል አልታይ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ላይ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ፣ የሕዋስ ሳህን ከ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር አውጥቼ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱም እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው አገኛቸዋለሁ ያልኳቸው አረንጓዴ ክሮች፣ ማለትም በሚያበራ ፕሮቲን ምልክት ያደረግሁባቸው የሕዋሱ ማይክሮቲዩቡሎች፣ ሳስተው፣ ዳር ዳሩ ላይ ጭራሽ ጠፍተዋል። ሌንሱን ጠረግሁ፤ ሌዘሩን ጨመርሁ። ግማሽ ቀን ካባከንሁ በኋላ ነው ሹራብ ደርቤ መቀመጤን ልብ ያልሁት።

ክሮቹ ከሳሱ ወይም ከጠፉ

ተጠያቂው ብርዱ ነው። ማይክሮቲዩቡል ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ጥንዶች የሚገነባ፣ 25 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቱቦ ነው፤ ያለማቋረጥ ይገነባል፣ ይፈርሳል። ቅዝቃዜ ሚዛኑን ወደ መፍረስ ያዘነብለዋል። በተለይ በዘይት ሳህኑን የሚነካው ሌንስ ካልሞቀ ሙቀቱን ከሥር ይስበዋል። ስለዚህ ሌንሱንም አሙቁት፤ የማሞቂያውን ቁጥር ከማመን ይልቅ በሳህኑ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ለኩ። ሙቀቱ ሲመለስ ክሮቹ ተመልሰው ካደጉ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ሕዋሱ በሙሉ እንደ ጭጋግ ካበራ

ምልክት የተደረገበት ቱቡሊን በዝቶ፣ ክር ውስጥ ሳይገባ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ምልክቱ፣ ማለትም አረንጓዴው ፍሎረሰንት (የሚያበራ) ፕሮቲን፣ በክብደቱ የአንድ ቱቡሊንን ግማሽ ያህላል፤ ቀላል ሸክም አይደለም። ፕላዝሚዱን፣ ማለትም የምልክቱን ዘረመል ወደ ሕዋሱ የሚያስገባውን ዲኤንኤ፣ ቀንሱ። ዓይን ወደ ደማቁ ሕዋስ ይሮጣል፤ እናንተ ግን ደብዘዝ ያለውን ምረጡ፤ እውነተኛው ምስል ያለው እዚያ ነው።

ክሮቹ እንደ ገመድ ከተሳሰሩ

ቱቡሊኑን ትታችሁ በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ከሆነ ምልክት ያደረጋችሁበት፣ መጠኑ ሲበዛ ክሮቹን እያሰረ ከመፍረስ ያግዳቸዋል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ኢቢ3 በሚያድገው የክሩ ጫፍ ላይ ብቻ እንደ ጅራታም ኮከብ መታየት አለበት። ክሩን ከዳር እስከ ዳር ካበራው በዝቷልና ከዚያ ሕዋስ የእድገት ፍጥነት አትለኩ።

ማሳደጊያው ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ካደላ

ይህ ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መመሪያው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ያንኑ ብታደርጉ ሕዋሱ የሚደርሰው ጋዝ ያንሳል፤ ፈሳሹም አልካላይን ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ወደ 6.5 በመቶ አሳድጉና ፒኤቹን (የፈሳሹን አሲድነት ወይም አልካላይንነት) ለኩ።

ምስሉ ቶሎ ከደበዘዘ

ሌዘሩን ቀንሱ፤ በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ጊዜ አርዝሙ።

ሁሉም ተስተካክሎም ቢሆን ምልክት የሌላቸውን ሕዋሶች ጎን ለጎን አቆዩ። እነዚያ አንድ ሰዓት ያህል ወስዶባቸው ተከፍለው ሲጨርሱ ምልክት ያለባቸው እንዝርታቸውን (ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚለያየውን የማይክሮቲዩቡል መዋቅር) ሠርተው ለሰዓታት ከቆሙ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሳህኑን ጣሉት።