ኢንዶሜትሪዮሲስና የመከላከያ ሴሎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኢሚዩኒቲሽ ደክሞ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪበት።»

ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባት ሴት ይህን የሚመክራት አይጠፋም። በክፋት አይደለም። ግን ነገሩን ገልብጦታል፣ ከሁሉም ስህተት እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በሽታው የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ወይም አንጀት ላይ ተጣብቆ ሲያድግ ነው። የመከላከያ ሴሎች እዚያ አልጠፉም። እንዲያውም ማክሮፌጅ የሚባሉት ጠራጊ ሴሎች በሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ ከወትሮው በዝተው ይገኛሉ። ችግሩ የሚሠሩት ሥራ ነው። ሽንኩርት ስትከትፊ ቢላ ጣትሽን ቢቆርጥሽ ማክሮፌጆች መጥተው የሞተውን ይበላሉ፣ ከዚያ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ምልክት ይልካሉ፣ ቁስሉም ይሽራል። ያለቦታው የበቀለውንም ሥጋ ልክ እንደ ቁስል ያስታምሙታል፤ የደም ሥር ያበጁለታል፣ የነርቭ ጫፎችም ወደዚያ እንዲያድጉ ያደርጋሉ። ህመሙ እንዲያ ከሚበረታባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ታዲያ የትኛውን ሥራቸውን ነው የምናበረታላቸው?

ሌላው «የወር አበባ ደም ወደ ኋላ ስለፈሰሰ ነው» ብሎ መዝጋት። ሐሳቡን በ1920ዎቹ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን ነው፣ ከንቱም አይደለም። ግን ደም በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ መፍሰሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ያለ ነው። በሽታው የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ካሉት 10 በመቶ ገደማውን ነው። የቀሩት ሴቶች ሰውነት ያጸዳዋል። ናቹራል ኪለር የሚባሉት ገዳይ ሴሎች በታማሚዎች ላይ ጉልበታቸው ቀንሶ ታይቷል፤ መንስኤው ይሁን ውጤቱ ግን ገና ያከራክራል።

«ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ከእነዚያ በሽታዎች ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው፣ ግን ከእነሱ አይመደብም። ስለዚህ ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን፣ የመከላከያ ሴሎችን የሚያዳክም መድኃኒት ገዝተሽ በራስሽ እንዳትጀምሪ፣ አደራ።

የመጨረሻው ብዙ ሴት ያስለቅሳል። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ የነጭ ደም ሴል ቁጥሩ ልክ ነው፣ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ደሙ የተቀዳው ከክንዷ ነው፤ ግርግሩ ያለው ዳሌዋ ውስጥ ነው። በሽታውን የሚያረጋግጥም ሆነ የለም የሚያስብል የደም ምርመራ የለም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ማህፀን ሐኪም ሂጂ። ህመሙ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪ ወይም በግንኙነት ጊዜ ያምሽ እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ፣ ሳታፍሪ ንገሪያቸው።