ከበሩ ሥር የሚገባው ብርድ

አራት ኪሎ ያለችው የጭቃ ቤታችን ኅዳር ከገባ ጀምሮ ሌሊት አላስተኛ ብላን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ሙቀት ቶሎ ይበናል። እኔ በቆርቆሮው ጣሪያ አሳብቤ ኮርኒሱን ላስለውጥ ነበር፤ ደግነቱ ገንዘቡ አልነበረኝም። አንድ ምሽት ሻማ ለኩሼ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ አዞርኩት። መስኮቱ ጋ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በሩ ሥር ሲደርስ ተጋድሞ ጠፋ። ክፍተቱ ሁለት ጣት ያስገባል! የአሮጌ ጂንስ ሱሪ አንድ እግር ቆርጬ አሸዋ ሞላሁና ጫፍና ጫፉን ሰፍቼ በሩ ሥር አጋደምኩት። የከሰል ምድጃውን ግን ከመኝታ ቤት አስወጣሁ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል፣ ቤት ሲደፈን ደግሞ ይብሳል። ትናንት ሌሊት ሁለተኛውን ብርድ ልብስ በእግሬ ገፍቼ ጣልኩት።